ለሙሀመድአወል ማን ይፈርም?

በ1977 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር፣ አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ከከተማ ወደ አቃቂ ስመለስ የተሳፈርኩበት አውቶቡስ ቃሊቲ ኬላ ላይ ቆመ። በሰሜን ድርቁ ጠንቶ ስለነበር ፍተሻው የበረታበት ወቅት ነው። አንድ ቀጭን ተቆጣጣሪ በፊት በር ገብቶ «መታወቂያ!» አለ። ሁላችንም የየቀበሌያችንን መታወቂያ አውጥተን ከፍ አድርገን ያዝን።

ተቆጣጣሪው አንድ በአንድ እያየ መጣና የኋላው በር አጠገብ ከቆመ ሰው ዘንድ ሲደርስ ቆመ። ሰውየው ረጅምና ከሲታ ነው። ነጭ ቆብ አድርጓል። ኮቱ ትከሻው ላይ ጆንያ ከመሸከም ብዛት ሳስቷል።

«መታወቂያህስ?»

«የለኝም ጌታዬ።»

«መሸኛ?»

«እሱም የለኝም። የሚሸኘን ሰው አልነበረም። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበርም ከኛው ጋር ነው የወጣ፤ መንገድ ላይ ቀረ።»

«ከየት ነህ?»

«ከወሎ። አሁን አቃቂ ነኝ። ቃሊቲ መጋዘን እጭናለሁ፣ አወርዳለሁ።»

ተቆጣጣሪው ወደኛ ዞረና «ይህን ሰው የሚያውቅ አለ?» ሲል ጠየቀ።

ሰውየው ሙሀመድአወል ይባላል። ከቤቴ አጥር ጀርባ ባለች አንዲት የጭቃ ክፍል ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ሰባት ወር ኖሯል። ማለዳ ለሥራ ስንወጣ «ደህና አደርክ ጎረቤት» ይለኛል። እውነቱን ልጻፍና፣ ተቆጣጣሪው ሲጠይቅ እኔ የማየው ጫማዬን ነበር። ሌላውም ተሳፋሪ በመስኮት በኩል የሚታይ ነገር ያለ ይመስል አንገቱን አዙሯል። በዚያ ዘመን «አውቀዋለሁ» ማለት የማይታወቅ ዕዳ ነበር።

ከፊቴ ሁለት ወንበር አልፋ የተቀመጠች ልጅ ተነሣች። «እኔ አውቃቸዋለሁ» አለች። «ጎረቤታችን ናቸው። ባለቤታቸው ኡምሰልማ የመሠረተ ትምህርት ተማሪዬ ናት።»

አጠገቧ የተቀመጡት ሽማግሌ እጅጌዋን ጎተቱና «ቁጭ በይ! ምን አገባሽ?» አሏት።

ልጅቱ አስካለማርያም ትባላለች። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ፣ ሥራ እየጠበቀች፣ በቀበሌያችን አዳራሽ ጎልማሶች ታስተምራለች። ሽማግሌው የእናቷ ወንድም አቶ ሳህሌ ናቸው፤ የምትኖረውም እሳቸው ቤት ነው። ሠላሳ ዓመት በባቡር ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ የሰፈራችን ዕድር ዳኛ፣ ሰው ሁሉ ሲያልፉ ከመቀመጫው የሚነሣላቸው።

ተቆጣጣሪው ልጅቱን ትንሽ ተመለከተና ለሙሀመድአወል እንዲህ አለው፦ «እስከ ቅዳሜ የቀበሌህን ወረቀት ይዘህ ና። ካላመጣህ ስምህ ከሰፈራ ተጓዦች ጋር ይጻፋል። ቤተሰብህንም ይዘህ ትሄዳለህ። ውረድ አላልኩህም፤ ለዛሬ ሂድ።»

አቃቂ ስንደርስ ነፋሱ አቧራውን እያነሣ ፊታችን ላይ ይበትነዋል። ቤታችን ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሆነ አራታችንም የባቡሩን ሐዲድ ይዘን መንገድ ጀመርን። ሙሀመድአወል ለአክብሮት ይሁን ለኀፍረት አላውቅም፣ ዐሥር እርምጃ ወደኋላ ብሎ ይከተለናል።

«ልጄ» አሉ አቶ ሳህሌ፣ «ደግነትሽን አልነቅፍም። ነገር ግን ለማይታወቅ ሰው በአደባባይ ዋስ አይሆኑም።»

«ዋስ አልሆንኩም አጎቴ። አውቃቸዋለሁ ነው ያልኩት። እርስዎስ አያውቋቸውም?»

«አውቀዋለሁ። ስለማውቀው ነው ዝም ያልኩት።»

«እንግዲያው ሌላም ነገር ልንገርዎ» አለችና ከደብተሯ መካከል የታጠፈ ወረቀት አወጣች። «ቀበሌው ሦስት ነባር ነዋሪዎች ከፈረሙላቸው ይመዘግባቸዋል። ከሦስቱ አንዱ የዕድር ዳኛ መሆን አለበት። አባ ሮሪሳ ፈርመዋል።»

አባ ሮሪሳ ፋብሪካውም ባቡሩም ሳይመጣ ቤተሰባቸው አቃቂ ላይ ያርስ የነበረ አዛውንት ናቸው።

«ምን ብለው ፈረሙ?» ስል ጠየቅኋት።

«"ለመጣ ሰው ስንፈርም ይኸ የመጀመሪያችን አይደለም" ብለው ሳቁ።»

ወረቀቱን ተቀበልኳትና እዚያው ሐዲዱ ዳር፣ ጉልበቴ ላይ አስደግፌ ፈረምኩ። አውቶቡስ ውስጥ ጫማዬን ማየቴን አልረሳሁትም ነበር። አቶ ሳህሌ እያዩኝ ፈገግ አሉ።

«ይፈርም እንጂ! አጥናፉ ምን ይጎድልበታል? ለመንገደኛ መንገደኛ ካልፈረመ ማን ይፈርማል?»

አንባቢ ይህ ንግግር ለምን እንዳንገበገበኝ እንዲያውቅ ትንሽ ወደኋላ መመለስ አለብኝ።

አባቴ ከተጉለት የመጣ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። በባቡሩ ጋራዥ ተቀጥሮ እኔን አሳደገ። እኔም ከስምንተኛ ክፍል ብወጣም በፋብሪካችን የብረት መቅረጫ፣ በቶርኖው ላይ ከማንም የማላንስ ሠራተኛ ነኝ። በ1957 ዓ.ም. የአቶ ሳህሌን እኅት አቻምየለሽን ወድጄ ሽማግሌ ላክሁ። አቶ ሳህሌ ሽማግሌዎቹን በደንብ አስተናግደው «የልጁን ሥራ ወደነዋል፤ ዘሩ ግን ይጠና» አሏቸው። ተጠና። መልስ የሚባል ነገር አልመጣም። የመጣው ሌላ ነው። ከዚያ በኋላ እናቴ ለቅሶ ቤት ስትሄድ የጠጣችበት ጣሳ ለብቻው ይቀመጥ ጀመር። «ዐይናቸው መጥፎ ነው» እየተባለ እኔ በመንገድ ሳልፍ የታቀፉትን ሕፃን በነጠላ የሚሸፍኑ ነበሩ። አቻምየለሽ የባቡር ጸሐፊ አገባች። አስካለማርያም የእሷ ልጅ ናት። አብዮቱ መጥቶ ቀጥቃጩንም ሸማኔውንም ወዝ አደር ብሎ ሲጠራ፣ በየስብሰባው ከሁሉ ቀድመው ያጨበጨቡት አቶ ሳህሌ ናቸው። እኔ ጭብጨባውን ሰምቻለሁ። ጣሳውንም አልረሳሁም።

ስለዚህ «መንገደኛ» ሲሉኝ ጥርሴን ነክሼ ተከተልኳቸው። ቤታቸው በር ስንደርስ አስካለማርያም «ጋሽ አጥናፉ፣ ይግቡ እንጂ። የጀመርነውን እንጨርስ» አለች። ሙሀመድአወልም እንዲገባ ጋበዘችው። እሱ ግን «እኔ ባለሁበት ስለኔ መነጋገር ይከብዳችኋል» ብሎ ውጭ ቀረ። እኛ ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀመጥን።

አቶ ሳህሌ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው በዕድር ስብሰባ እንደሚናገሩት ረጋ ብለው ጀመሩ።

«እኔን ጨካኝ አድርጋችሁ እንዳታዩኝ። የተራበ ሰው ሳይ አንጀቴ ይላወሳል። ግን ኀዘን ሌላ፣ አስተዳደር ሌላ። በዚህ ሰፈር አንድ የውሃ ቦኖ አለ። ከሌሊት ጀምሮ ባልዲ ይሰለፋል። የኅብረት ሱቁ ስኳር አምና ለሁሉም ይደርስ ነበር፤ ዘንድሮ ከሰልፉ ግማሹ ባዶ ከረጢት ይዞ ይመለሳል። ፋብሪካ በር ላይ ለአንድ ቀን ሥራ ሃምሳ ሰው ይጋፋል። አሁን ደግሞ ተስቦ መጣ ይላሉ። ይህ ሁሉ የሆነው መቼ ነው? እነሱ ከመጡ ወዲህ ነው። ከተማ በር ያስፈልጋታል አስካል። በር የሌለው ቤት ሜዳ ነው።»

«በር አይኑር አላልኩም አጎቴ» አለች። «ኬላው ይኑር፤ መታወቂያው ይኑር። ግን በር ላይ የሚቆም ሰው ሁለት ሥራ አለው፤ መከልከልና መመዝገብ። እኛ መከልከሉን ብቻ ያዝን። ሙሀመድአወል ገብተዋል፤ ሰባት ወር ሆናቸው። ያልገባው ስማቸው ብቻ ነው።»

«ስሙ ያልገባው መሸኛ ስለሌለው ነዋ!»

«መሸኛውን የሚጽፈው ሰው ሞቷል። ሙት ቀስቅሰህ አስፈርም እንበላቸው?»

አቶ ሳህሌ ከዘራቸውን መሬት ላይ መታ አደረጉ። «ቀልድሽን ተዪ።»

«እሺ ትቻለሁ። ስለ ተስቦው ልጠይቅዎት። የታመመ ሰው ጤና ጣቢያ ሲሄድ መጀመሪያ ምን ይጠየቃል?»

«መታወቂያ።»

«መታወቂያ የሌለውስ?»

«አይሄድማ።»

«አይሄድም። ቤቱ ተኝቶ ያተኩሰዋል። ቅማሉ ደግሞ ማንንም ሳይጠይቅ ከአጥር አጥር ይሻገራል። እነሱ ወረቀት እንዳያገኙ ስንከለክል በሽታውን ነው ደብቀን የምናስቀምጠው። ሥራውንም ቢሆን ወረቀት የሌለው ሰው የሰጡትን ተቀብሎ ይሠራል። ጫኝና አውራጁ ማኅበር ውስጥ አይገባ፣ ለማን ይጮኻል? የነባሩን ዋጋ የሚሰብረው ይሄ ነው። ይመዝገቡና ከነባሩ እኩል ይጠይቁ።»

ልጅቱ ስትናገር ድምፅዋ አይጨምርም፤ እጇ ግን የደብተሯን ጠርዝ እያጠፈ ይዘረጋል። አቶ ሳህሌ ወደ በሩ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ሌላም ነገር አለ፤ ባልናገረው ወድጄ ነበር። ዘራቸውም ሃይማኖታቸውም ከኛ አይገጥምም። ለዚህም ግድ የለኝም፤ እስላም ጎረቤት ከባቡር ጀምሮ አውቃለሁ። የነበሩት ግን ሃይማኖታቸውን የሚያከብሩ ነበሩ። የዚህ ሰው ሚስት ለእንቁጣጣሽም ለመስቀልም እዚህ ግቢ መጥታ ሥጋ ለምናለች። እስላም ሆና የክርስቲያን እርድ! የራሱን ሃይማኖት ያቀለለ ሰው የኔን ፊርማ ያከብራል?»

ይህ ወሬ በሰፈሩ የታወቀ ነበር። ሴቶቹ ቦኖ ላይ ይሳሳቁበታል። አስካለማርያም ልትመልስ አፏን ስትከፍት እኔ ቀደምኳት። ከሐዲዱ ጀምሮ ያፈንኩት ነገር ከዚህ በላይ አልታፈንልኝ አለ።

«አቶ ሳህሌ፣ ስለ ስኳሩ ልጠይቅዎት» አልኩ። «የሱቁ ድርሻ በምን ይሰፈራል?»

«በተመዘገበ ሰው ልክ ነዋ።»

«አምና ቀበሌው ቤተሰብ ሲመዘግብ የዚህን ሰፈር መዝገብ የጻፈው ማን ነው?»

«አንተ ነህ። ጽሕፈትህ ስለሚነበብ።»

«ያን ዕለት ወንዙ ዳር የነበረውን ሰው ያስታውሳሉ?»



ነገሩ እንዲህ ነው። በምዝገባው ዕለት ገና ጠዋት መዝገቤን ታቅፌ ከቤት ስወጣ የአቃቂ ወንዝ ዳር በልብስ አጣቢ ተሞልቶ አየሁ። ሕፃናት፣ ኮረዶች፣ ጎረምሶች፣ ምርኩዝ የያዙ አሮጊቶች ሳይቀሩ ጉርድና ሸሚዝ እየዘፈዘፉ ነበር። አንዳንዱ ገና ያልተለበሰ ንጹሕ ልብስ ያጥባል። ከየገጠሩ ያለ መሸኛ የመጣው ዘመድ ሁሉ በየቤቱ ጌታ ትእዛዝ ወንዝ ወርዷል። እያንዳንዱ አባወራ «ያለ መሸኛ ያስቀመጥከው ማነው እባላለሁ» ብሎ የራሱን ዘመድ ደበቀ። እኔም ከቤት ቤት እየዞርኩ የነገሩኝን ጻፍኩ። ዐይኔ ያየውን ግን መዝገቡ ውስጥ ማስገባት አልቻልኩም።

«በዚህ ግቢ አምስት ሰው ብለው አስመዘገቡ» አልኳቸው። «ዛሬ ጠዋት ግን እዚህ የበላው ስምንት ነው። የወንድምዎ ሦስት ልጆች ከመንዝ የመጡት በስንት መሸኛ ነው? አልጋው ጀርባ መጋረጃ አድርገው አስተኝተዋቸው አይቻለሁ። ከኛ አጥር እስከ ድልድዩ ድረስ እንዲህ ያልተደበቀበት ቤት አልነበረም። ሁለት መቶ የሚሆን ሰው ሳይጻፍ ቀረ። ሱቁ ለተጻፈው ይሰጣል፤ ያልተጻፈው ከተጻፈው አፍ ይበላል። እንግዲህ ስኳሩን ማን በላው? ከወሎ የመጡት ጥቂት ቤተሰቦች ናቸው?»

«ጋሽ አጥናፉ» አለች አስካለማርያም በቀስታ፣ «የእርስዎ አማትስ ያን ዕለት የት ነበሩ?»

እንዲህ ያለ ልጅ አይጣል ነው። አማቴ ከልጅ ልጆቿ ጋር ወንዝ ወርዳ ነበር፤ የራሴን ቤት ስጽፍ አማቴን ዘልዬአታለሁ። «ወንዝ» አልኩ።

አስካለማርያም ፈገግ አለች። አቶ ሳህሌ ግን ፊታቸው እንደ ከሰል ጠቁሮ ተነሡ።

«ይህን ለመናገር ነው ሃያ ዓመት ያደባኸው? አውቄሃለሁ አጥናፉ! አንተ ለዚያ ሰው አዝነህ አይደለም፤ እኔን ማንበርከክ ነው የፈለግከው። ሂድ፣ ክሰስ! መዝገብህን ይዘህ ሂድና በለኝ። በማስፈራራት ግን አልፈርምም። እኔ ሳህሌ ጣቴን እቆርጣለሁ እንጂ አልፈርምም!»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማመን አለብኝ። ሽማግሌው ስለ እኔ የተናገሩት ሐሰት አልነበረም። የያዝኩት እውነት ነበር፤ የወረወርኩት ግን እንደ ድንጋይ ነው። በድንጋይ የተመታ ሰው ደግሞ ድንጋዩ ላይ ምን እንደተጻፈ አያነብም። የኔ ቂም ትክክል ነበር ባይ ነኝ፤ ዛሬም ይህንኑ እላለሁ። ቅዳሜ ግን የሚጫነው እኔ አልነበርኩም። ሙሀመድአወል ውጭ አጥሩን ተደግፎ ቆሟል። ጩኸቱን ሰምቷል። ቆቡን አውልቆ በእጁ እያዞረ ነበር።

አስካለማርያም ከዚያ በኋላ ማንንም አላከራከረችም። ብድግ ብላ ወጣች። ጥቂት ቆይታ ስትመለስ ሴት ልጅ በእጇ የያዘች ሴት አስከትላ ነበር። ሴትዮዋ የሙሀመድአወል ሚስት ኡምሰልማ ናት። ልጅቱ የሰባት ዓመት ያህል ትሆናለች።

«አጎቴ፣ ስለ ሥጋው እሷኑ ይጠይቋት። እኔ ብናገረው አይገባዎትም» አለች።

አቶ ሳህሌ አሁንም ቆመዋል። ፊታቸውን ወደ አጥሩ እንዳዞሩ «ምን እጠይቃለሁ» አሉ።

«እኔው ልናገር ጌታው» አለች ኡምሰልማ። «ሥጋው የኔ አይደለም። የሷ ነው።» ልጅቱን ወደፊት ገፋ አደረገቻት። አንገቷ ላይ ጥቁር ክር፣ ማተብ ታስሮባታል።

«ይቺ አለሚቱ ትባላለች። እኔ አልወለድኋትም። ስንመጣ መንገድ ዳር ከእናቷ ጎን ተቀምጣ አገኘናት። እናቲቱ አልቃ ነበር። ሙሀመድ አፈር አለበሳት፤ እሷን አንስተን መጣን። ማተቧን አየሁት። እንግዲህ የኛን እርድ ባበላት፣ ነገ አኼራ እናቷ መጥታ ልጄን ምን አደረግሻት ብትለኝ ምን እላለሁ? ረቡዕና ዓርብ እንደናንተ ነው የማበላት። እኛ ሥጋ ስናገኝ ለሷ ሽሮ እሠራለሁ። በዓል ሲሆን ግን ልጅ ናት፤ ከናንተ ቤት ሽታው ሲመጣ ያምራታል። ከዚያ ወዲያ ለሷ የሚሆን ሥጋ የት አገኛለሁ? ወላሂ፣ ከዚች ግቢ የወሰድኩትን አንድም ቀን አልቀመስኩ።»

«ለምን ይህን አልተናገርሽም?» አሉ አቶ ሳህሌ፣ አሁን ዞረው።

«ማን ጠየቀኝ? ስታገኙኝ ሳቃችሁ እንጂ አልጠየቃችሁኝም። ደግሞ ብናገር ልጅቱን ይወስዷታል ብዬ ፈራሁ። ወረቀት የለኝ፣ የኔ ናት ብዬ በምን እከራከራለሁ?»

አቶ ሳህሌ ልጅቱን አጠገባቸው ጠርተው «ስምሽ ማነው?» አሏት።

«አለሚቱ።»

«ክርስትና ስምሽን ታውቂዋለሽ?»

«አላውቀውም። እማዬ ናት የምታውቀው።»

ሽማግሌው በርጩማቸው ላይ ተመልሰው ተቀመጡ። ከዚያም ወደ ቤት ውስጥ «እናንተ ልጆች፣ ኑ ውጡ!» ብለው ተጣሩ። ሦስት ልጆች ከመጋረጃው ጀርባ አንድ በአንድ ወጡ። ሁሉንም ከአለሚቱ አጠገብ አቆሟቸው።

«እነዚህ የወንድሜ ልጆች ናቸው» አሉ ለኡምሰልማ። «አምና ወንዝ ያወረድኳቸው እኔ ነኝ።» ከዚያም ወደ አስካለማርያም እጃቸውን ዘረጉ። «ወረቀቱን አምጪ።»

መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። ሲያነቡ ቆዩና «ይህን አልፈርምም» አሉ።

አስካለማርያም ክው አለች። እኔም ጣቴን ወደ ወረቀቱ ዘርግቼ ቀረሁ።

«እዚህ ላይ "ከሁለት ዓመት ላላነሰ ጊዜ የማውቃቸው" ይላል። ውሸት ነው። በውሸት ምዝገባ የተበላሸውን በሌላ ውሸት አናቃናውም። አንተ አጥናፉ፣ ሰርዝና "ሰባት ወር" ብለህ ጻፍ። ጽሕፈትህ ይነበባል። ቀበሌው አልቀበልም ካለ ዓርብ ሄጄ የምከራከር እኔ ነኝ።»

ሰረዝኩና ጻፍኩ። ፈረሙ።

«ይህን ያደረግሁት አንተ ስላስፈራራኸኝ አይደለም» አሉኝ እስክሪብቶዬን ሲመልሱ።

«አውቃለሁ» አልኳቸው።

ዓርብ ጠዋት አቶ ሳህሌ የወንድማቸውን ልጆች ይዘው፣ ሙሀመድአወልን ከጎናቸው አድርገው ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ገቡ። እኔም አማቴን ይዤ ተከተልኳቸው፤ አማቴ ለሠርግ የምትለብሰውን ቀሚስ ለብሳ ነበር። የቀበሌው ጸሐፊ ወረቀቱን አይቶ «ሰባት ወር አይበቃም፤ መመሪያው ሁለት ዓመት ነው» አለ። አቶ ሳህሌ ድምፃቸውን ሳይጨምሩ መለሱለት።

«ልጄ፣ ሁለት ዓመት ብዬ መዋሸት አያቅተኝም ነበር። አምና አምስት ነን ብዬ ስዋሽህ አንተ ነህ ማኅተም የመታኸው። ዛሬ ስምንት ነን። ሌሎቹም ከኋላዬ ይመጣሉ። ለመንግሥት የሚጠቅመው የትኛው ነው? በመዝገብህ ላይ የሌለ ሰው፣ ወይስ ያለ?»

ጸሐፊው ወደ ሊቀ መንበሩ ቢሮ ገባና ቆየ። እኛ አግዳሚው ላይ ተቀምጠን ጠበቅን፤ ሙሀመድአወል በሩን ከማየት ዐይኑን አላነሣም። ሊቀ መንበሩ እራሱ ወጥቶ ሁላችንንም በየተራ ጠየቀን። ስለ አለሚቱ ሲጠይቅ ሙሀመድአወል «ልጄ ናት፤ ሃይማኖቷ ክርስቲያን» አለ። ጸሐፊው ቀና ብሎ አየው። «እንደተባልከው ጻፍ» አሉት አቶ ሳህሌ። ጻፈ። ከቀትር በፊት ማኅተሙ ተመታ፤ ቅዳሜም ሙሀመድአወል ወረቀቱን ለተቆጣጣሪው አሳይቶ ወደ ሥራው አለፈ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባጭሩ ልናገር። የዕድሩ ዳኛ ዘመዶቻቸውን አስመዘገቡ የሚለው ወሬ ሲሰማ ሰው መጀመሪያ አላመነም። ሳያስሯቸው ሁለት ሳምንት ማለፉን ሲያይ አንድ አንድ እያለ መምጣት ጀመረ። አዲሱን መዝገብ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ከአምናው ሁለት መቶ ዐሥራ ዘጠኝ ሰው በለጠ። ከወሎ የመጡት ከነዚህ መካከል ሠላሳ አንድ ብቻ ነበሩ። በመጋቢት የሱቁ ድርሻ በአዲሱ ቁጥር ተሰፈረ። ስኳሩ ተትረፈረፈ አልልም፤ ግን ባዶ ከረጢት ይዞ የሚመለስ ቀረ። ጤና ጣቢያው ካርድ ስላወጣላቸው የታመሙት ታከሙ፣ ልብሳቸው ተቀቀለ፤ ተስቦው ከኛ ሰፈር ወጣ። ሙሀመድአወል የጫኝና አውራጅ ማኅበር አባል ሆኖ ከነባሮቹ እኩል ተከፈለው፤ ነባሮቹም ዋጋቸው አልተሰበረም። ኡምሰልማ በሰኔ የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀት ተቀበለች። ሥጋ የሚባለውም ነገር ልመና መሆኑ ቀረ፤ ቅርጫ ሲታረድ የአለሚቱ መደብ ለብቻው ይመደባል፤ የሚያደርሰው አቶ ሳህሌ ቤት ነው።

እንግዲህ የሚያነብ ሰው ይፍረድ። መጤ መጣብን ብለን ስንጮኽ የነበረው እያንዳንዳችን መጤ ደብቀን ነው። የራሳችንን ዘመድ ስንደብቅ ፍቅር ነው አልን፤ የሌላውን ስናይ ወረራ ነው አልን። አገር ማስተዳደር ሰው መቁጠር ከሆነ፣ በሐሰት የተቆጠረ ሰፈር በትክክል ሊተዳደር አይችልም። ዘር ማጥናትም ስኳር አይጨምርም፤ ተስቦም አያቆምም። ይህን ለማወቅ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል መድረስ አያስፈልግም ነበር፤ መጠየቅ ብቻ በበቃ። ኡምሰልማ እንዳለችው ግን የጠየቃት የለም። እናቴንም የጠየቃት አልነበረም።

በሐምሌ ዕድሩ አዲስ አባላት ለመቀበል ተሰበሰበ። ሙሀመድአወልም ጥያቄ አቅርቦ ነበር። አንድ የፋብሪካ ሰው እጁን አወጣና «ዳኛው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እነሱ ቢሞትባቸው ድንኳኑን ማን ይተክላል? አስከሬኑንስ መካነ መቃብራቸው ድረስ ማን ይሸከማል?» ሲል ጠየቀ። አዳራሹ ውስጥ ያጉረመረመ ነበረ።

አቶ ሳህሌ የቀብር ተራ መዝገቡን ከፊታቸው ስበው መነጽራቸውን አስተካከሉ።

«ተራው የደረሰው» አሉ። «ቀጥሎ ያለው ስም የኔ ነው፤ ከኔ ቀጥሎ አጥናፉ ነው። ሌላ ጥያቄ ያለው አለ?»